እሜቴ የማርያምወርቅና የየካ መንገድ ችሎት

አገር ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚገባው ታቦት ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። ታቦቱ ሳይገባ፣ ድንኳኑ ሳይወጠር፣ ጭቃ ሹሙ ሳይሾም ቀድማ የምትደርስ አንዲት ነገረኛ ሴት አለች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ «ይኼ አጥር ለምን ወደዚህ ገፋ?» ብላ ትጠይቃለች። አገሩ አገር የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ እሷ የተቆረቆረ ከተማ ካለ ይነገረን፣ ሄደን እንየው።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተመበት ዘመን፣ ከተራራው ጫፍ ወደ የካ በሚወርደው መንገድ ይህን ማዕረግ ይዘው የተገኙት እሜቴ የማርያምወርቅ ነበሩ። ከቡልጋ የተነሡት የሟች ባላቸውን የመሬት ክርክር ተከትለው ነው። ችሎቱ ድንኳኑን በነቀለ ቁጥር እሳቸውም እየነቀሉ፣ ችሎቱ በሰፈረበት እየሰፈሩ እንጦጦ ደረሱ። ክርክሩን ይርቱ ይረቱ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ «ከረቱ ቆይተዋል፣ ይግባኝ የሚሉት ነገሩ ስለጣማቸው ነው» ይላል። በሌሉበት «የምንጩ አፈ ንጉሥ» ይሏቸዋል። ሲመጡ ግን መንገድ ይለቁላቸዋል።

ጥጥ ፈታይዋ ብዙነሽ ስለ እኚህ ሴትዮ የነበራት ሐሳብ አጭር ነበር። እግዚአብሔር ወደ ሌላ መንደር እንዲወስዳቸው ትጸልይ ነበር። ባሏ ከዘመቻ ያልተመለሰ፣ ጎጆዋን በሰው ርስት ጠርዝ ላይ የቀለሰች፣ ፀሐዬ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ የቀረቻት ሴት ናት። ዝናቡን ትፈራለች፤ ዝናቡ ሲቀር ደግሞ መቅረቱን ትፈራለች። ጭቃ ሹሙ በደጇ ሲያልፍ ከሳለ እንዝርቷ ከእጇ ይወድቃል። ልጇን ያሳደገቻት «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው። ፀሐዬ ግን እንስራዋን አዝላ ምንጭ በወረደች ቁጥር ሌላ ቃል ይዛ ትመለስ ጀመር።

«ዝምታሽን ማን ይሰማዋል?» ትላለች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«እሜቴ ናቸው።»

«እሳቸውማ ልጅ የላቸው!» ትላለች ብዙነሽ። ይህን ብላ ደግሞ ሴትዮዋ እንዳይሰሟት ፈርታ በሩን ትዘጋለች።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ መናገር ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌላው ይቆማል። መጀመሪያ የመጣው መንገደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቁጭ ብሎ ይዳኛቸዋል። መንገደኛ ከጠፋ ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጥርና አብረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም። እስኪፈታ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ልማዱ ወንድ አይልም፣ ሴትም አይልም። ሴት ልጅ እጇን ዘርግታ ያላነሳችው፣ ሜዳ ላይ የተጣለ ዕቃ ነበር። እሜቴ የማርያምወርቅ አነሡት።

ጭቃ ሹሙ ሸንጎ ሲጠራ ልጃገረድ አይጠራም። ልጃገረዶቹ በደል ይዘው ሲሄዱ ደግሞ «ወንድ ይዛችሁ ኑ» ይላቸዋል። እሜቴ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ለግብር ጊዜ ጭሴን ከሩቅ ያየዋል፣ ይቆጥረዋል። ለሸንጎ ጊዜ ጭሴ ጉም ሆኖ ይጠፋበታል? ዓይኑን ምን ነካው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ጭቃ ሹሙ ግን እውነት የሚሰማው ከወንድ አፍ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ዘሩም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ስለዚህ ሴትዮዋ ሸንጎውን መንገድ ላይ አወረዱት። ልጃገረዶቹ እንጨትና ውሃ ተሸክመው በሚያርፉበት ወይራ ሥር በየቀኑ ያጣሏቸዋል። የሚያጣላ ነገር ከጠፋ ራሳቸው ይፈጥራሉ። «ይኼ ጥላ የማናችሁ ነው?» ይላሉ። ልጃገረዶቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዷ ነጠላዋን እንደ ጠበቃ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በትሯን መሬት ላይ ተክላ «ተጠየቂ!» ትላለች። ሌላዋ «ልጠየቅ!» ትላለች። ያን ጊዜ በዚያ የሚያልፍ ሰው ወየውለት!

መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል አንድ ቀን ለዝክር ተጠርተው ሲወርዱ ተያዙ። የቀረበላቸው ክርክር ወይራው ላይ የተቀመጠችው ወፍ የዘፈነችው ለማን ነው የሚል ነበር።

«ልጆቼ፣ ዝክሩ እየቀዘቀዘብኝ ነው» አሉ መሪጌታ።

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል!» አሉ እሜቴ ከድንጋያቸው ላይ። «ይቀመጡ አባቴ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

መሪጌታ ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን ሲናገር፣ ሲመልስ፣ ሲያሽሟጥጥ ቆየና ወፊቱ ለፈጣሪዋ ዘፈነች ብለው ፈረዱ። የተረቱት ወገኖች ይግባኝ አሉ። መሪጌታ ዝክሩ ቦታ ሲደርሱ ማሰሮው ተደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ወደ የካ የሚወርዱት በዳገቱ ማዶ ዞረው ነው። ማር ነጋዴዎቹም ዞሩ። የመኮንን መልክተኛ እንኳ ወይራውን ሲያይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይሾልክ ጀመር። ብዙነሽን እንቅልፍ የነሣት ይህ ነው፤ መሪጌታ ለልጃቸው ፀሐዬን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይልካሉ ተብሎ ይወራ ነበርና። ዝክር ያስቀረችን ልጅ ማን ለልጁ ያጫል?

ከመንገደኛው ሁሉ ደስ ብሎት የሚቀመጥላቸው ገብስ ገበሬው ቱሉ ብቻ ነበር። «በእኛ ዘንድ» ይላል በትሩን ተደግፎ፣ «ሴት የጋብቻ በትሯን፣ ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ጦረኛ እንኳ ይቆማል። እናንተ ሲንቄ የላችሁም። በምላስ ካልሆነ በምን ታስቆሙት?»

እንዲህ እየተሳሳቁ ሳለ የበቅሎዎቹ ነገር መጣ።

የአንድ መኮንን በቅሎዎች ምንጩ አጠገብ ሰፈሩ። አለቃቸው ወልደ ኢየሱስ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠው ባይኖርም «ባልደራስ» ካላሉት አይዞርም። በቅሎዎቹን በቀጥታ ከምንጩ ዓይን ያጠጣቸዋል። ውሃው ጭቃና ፋንድያ ሆነ። ልጃገረዶቹ ከሸለቆው ማዶ እየቀዱ እንስራ ተሸክመው ዳገት ይወጡ ጀመር። መንደሩ ውስጥ የሕፃናት ተቅማጥ ገባ። የመንደሩ ወንዶች ምን አሉ? ምንም። ውሃ ጠጪ እንጂ ቀጂ አይደሉማ! ምንጩ ለእነሱ ርቆ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብዙነሽ ደጇ ላይ ጥጥ ስትፈትል የጎረቤቷ ልጅ ሙሉነሽ እያለከለከች መጣች።

«እትዬ ብዙነሽ! ፀሐዬ ከወንድ ጋር ተቋጠረች!»

«ምን?»

«ከባልደራሱ ጋር! ነጠላዋን በኩታው ቋጠረችው! ዳኛ ጠፋ!»

ብዙነሽ እንዝርቷን በእጇ እንደያዘች መንገዱን ወረደች። እግሯ ሲሮጥ ሐሳቧ ይቀድመው ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጭቃ ሹሙ ወርዶ ፍልውሃ ነው፣ እስከ ነገ አይመለስም። ቋጠሮው ካልተፈታ ልጇ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ነጠላ ለኩታ ተቋጥራ ሰፈሩ ውስጥ ልታድር ነው። ነገ ጠዋት ምንጩ የማን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የት አደረች ነው የሚሉት። መሪጌታ ይሰማሉ። ባለርስቱ ይሰማና ጎጆሽን አንሺ ይላል። «ምነው ያን ድንጋይ፣ ያቺ ሴትዮ የምትቀመጥበትን ድንጋይ፣ መሬት በዋጠው!» ትላለች። ከዚያ የሰው ክፉ ተመኘሁ ብላ ታማትባለች፤ እያማተበችም ትሮጣለች።

ወይራው ሥር የሆነው ይህ ነበር። ፀሐዬ ባልደራሱን «በሕግ አምላክ!» ብላ አስቆመችው። ስቆባት ሊያልፍ ሲል ቋጠረችው። ሎሌዎቹ ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢፈልጉም ልማዱን ሊደፍር የወደደ ጠፋ። ከዚያ ሁሉም አንድ መንገደኛ እስኪመጣ ጠበቁ። መንገደኛ ግን የለም፤ ልጃገረዶቹ ወፍና ጥላ እያሉ ያስመረሩት መንገደኛ ሁሉ ማዶ ማዶውን ዞሮ ሄዷል! ቱሉ እዚያው ነበር፤ ነገር ግን በጭቅጭቁ መሐል አንዲት በቅሎ ገብሱን ስለረገጠችበት ባለጉዳይ ነውና ሊዳኝ አይችልም። ጥላው እየረዘመ ሄደ። የጅብ ሰዓት ቀረበ። ባልደራሱም ላብ ላብ አለው። በቅሎዎቹን ብቻ አልነበረም የሚያስበው።

«ይህችን ልጅ አስከትዬ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ምን ትላለች?» አለ።

«አንተ ንገራት፤ ጥሩ ክርክር ይሆናል» አሉ እሜቴ።

«በንጉሥ አምላክ! መጀመሪያ የመጣ መንገደኛ ይዳኘን! ዕብድም ቢሆን እቀበላለሁ!»

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው ብዙነሽ እንዝርት ይዛ፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ከመታጠፊያው ብቅ ያለችው።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሜቴ የማርያምወርቅ ራሳቸውን ያዙ። «ወየው! ከሰው ሁሉ እሷ!»

«እናቴ ናት» አለች ፀሐዬ ቶሎ ብላ። «እናት አትዳኝም። ባልደራስ፣ እምቢ ማለት ይችላሉ።»

ወልደ ኢየሱስ ብዙነሽን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ዓይኗ ከቋጠሮው አይነቀልም። ፈገግ አለ። ሞኝ አልነበረም። ይህች ሴት ከምንጩም ከመንደሩም በፊት የምትፈልገው ልጇ ሳይመሽ እንድትፈታ ነው፤ አጠር አድርጋ ትፈርድልኛለች ብሎ አሰበ።

«ተቀብያለሁ» አለ። «እናት ብትሆንስ? እመ ብርሃንም እናት ናት።»

«እኔ ግን አልቀበልም!» አሉ እሜቴ ከድንጋያቸው ተነሥተው። «ይህች ሴት ጥላዋን የምትፈራ ናት! የጭቃ ሹም ሳል ያስደነግጣታል! ምንጩን ልትሰጥብን ነው!»

«እርስዎ ተከራካሪ ነዎት ወይስ ተመልካች?» አለ ባልደራሱ። «ዳኛው ተሰይሟል።»

ብዙነሽ ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ ውሃ ድምፅ ሰማችው። አንድ ነገር ብቻ ገባት፤ «ምንጩ የበቅሎዎቹ ነው» ብትል ቋጠሮው አሁኑኑ ይፈታል። ልጇን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ማንም ምንም አይላትም። አራት ቃል እንኳ አትሞላም። ከንፈሯ ተነቃነቀ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ሩጫው አድክሟት ነው። ሰው ግን ዳኛዋ ለችሎት ተሰየመች ብሎ አሰበና ጸጥ አለ።

ጸጥታው አስደነገጣት። በሕይወቷ እንዲህ ዝም ያለላት ሰው አልነበረም።

«ተጠየቅ!» አለች ፀሐዬ በትሯን ተክላ።

«ልጠየቅ!» አለ ባልደራሱ ተሰላችቶ።

«ውሃ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው፣ ከታች ወደ ላይ?»

«ከላይ ወደ ታች።»

«በቅሎዎችህ የሚቆሙት የት ነው?»

«ከላይ። ዓይኑ ላይ።»

«ሰፈሩ ውስጥ የወታደሩ ሊጥ የሚቦካው በምን ውሃ ነው?»

ባልደራሱ ወደ ሎሌዎቹ ዞረ።

«በዚሁ ነዋ!» አለ አንዱ ሎሌ አላስችል ብሎት።

«እንግዲያ ወታደሩ የበቅሎ እግር እጣቢ ሲበላ ከርሟላ!» አለች ፀሐዬ። ልጃገረዶቹ ሳቁ፣ ሎሌዎቹም ሳቁ። ባልደራሱ ብቻ አልሳቀም።

«በይ ልበልሽ!» አለ። «የንጉሥን ስንቅ የሚሸከም ማነው? በቅሎ። በቅሎ ከተጠማች ዘማች ይራባል። ደግሞ ይህች ልጅ የምታወራላችሁን ሁሉ ስታወራ አንድ ነገር ደብቃለች። የመሪዋን በቅሎ አፍንጫ በሳማ ገረፈቻት! በቅሎዋ ፈርጥጣ የቱሉን ገብስ ያጠፋችው በማን ምክንያት ነው?»

ብዙነሽ ልጇን አየቻት። ፀሐዬ አንገቷን ደፋች።

«እውነት ነው?» አለች ብዙነሽ። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጭን ነበር።

«እውነት ነው።»

ጥላው ወይራውን አልፎ መንገዱን ያዘ። ከሸለቆው የመጀመሪያው ጅብ ጮኸ። ብዙነሽ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቷ የቀበረችው ሕፃን ትዝ አላት፤ የከፈኑትን ጨርቅ የፈተለችው እሷ ነበረች።

«ፀሐዬ አጥፍታለች» አለች። ባልደራሱ ቀና አለ። «እንስሳ አታውቅምና በሳማ አትገረፍም። ቱሉ በቃኝ እስኪል ድረስ ገብሱን ታርምለታለች፤ የተረገጠውንም ታቃናለች።»

«እሺ ዳኛዬ» አለች ፀሐዬ። እናቴ አላለችም።

«እርስዎም ባልደራስ» አለች ብዙነሽ። ሁለቱን እጆቿን እርስ በርስ አጣብቃ ያዘቻቸው። «የምንጩ ዓይን የሰው ነው። በቅሎ ከዓይኑ ላይ አይቆምም። ሎሌዎችዎ ከታች ገንዳ ይቆፍሩ፣ ትርፉ ውሃ እዚያ ይወርዳል፣ በቅሎዎቹ ከዚያ ይጠጣሉ። ፈረድኩ። ካልተስማማዎት ይግባኝ ማለት ይችላሉ።»

ባልደራሱ ይግባኝ ካለ ቋጠሮው እንደተቋጠረ ያድራል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ ጅቡም ሳያውቅ አይቀርም።

ወልደ ኢየሱስ ፀሐይዋን አየ። ኩታውን አየ። ወደ ሰፈሩ አቅጣጫ፣ ሚስቱ ወደምትጠብቀው ወገን አየ። ከዚያ ደግሞ በልጇ ላይ የፈረደችውን ሴት አያት። ሲጀመር «አንቺ» ሊላት አስቦ የነበረው ሰውዬ ምራቁን ዋጠ።

«ገንዳ መቆፈር ነው አይደል ያሉት?» አለ።

«አዎ።»

«ተቀብያለሁ። እባክዎ ይፍቱልኝ፣ ዳኛ።»

ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ ፀሐዬ እንዳይፈታባት ስባዋለች። ብዙነሽ በጣቷ ታገለችው። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው። ሎሌዎቹ በቅሎዎቹን እየነዱ ሄዱ፣ ልጃገረዶቹ እንስራቸውን ተሸከሙ። ፀሐዬ ወደ እናቷ መጥታ ትከሻዋን ሳመች። ከጓደኞቿ ጋር ዳገቱን ቀድማ ወጣች።

ብዙነሽ ከድንጋዩ ስትነሣ እሜቴ የማርያምወርቅ ከጎኗ ቆመዋል። ከፍርዱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ይህ ደግሞ አዲስ ፍርሃት ጣለባት።

«እሜቴ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ዳኛ ሲናገር ዝም ይባላል» አሉ ሴትዮዋ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አቧራ ገባብኝ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አሁን ግን ችሎቱ ተነሥቷል። ስሚኝ፤ ፍርድሽ ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ገንዳው መቼ እንዲቆፈር ቀን አልቆረጥሽም። ቀን ያልተቆረጠለት ፍርድ እንደ ክረምት ጭስ ነው፣ ይተናል። ዋስም አልጠራሽም! ዋስ የሌለው ባልደራስ ነገ ዶማ ጠፋብኝ ቢል ምን ትመልሻለሽ? ሁለተኛ ደግሞ...»

ዳገቱን አብረው ያዙት። ብዙነሽ እየሰማች ነገን ትፈራ ነበር። ሎሌዎቹ ይመጡ ይሆን? መሪጌታስ ምን ይሉ ይሆን? ባለርስቱስ? ሴትዮዋ ሳያርፉ ይወቅሷታል፤ ዳኛ ሲቀመጥ እንዝርት ጭን ላይ አያስቀምጥም፣ ድምፅሽ አንሷል፣ ስትፈርጂ ወደ መሬት አትዪ ይሏታል። ነፋሱ ከእንጦጦ ጫፍ እየወረደ ነጠላቸውን ይገልባል፣ እሳቸው ግን ለነፋስም አይቆሙም። ሌላ ቀን ቢሆን ብዙነሽ ሥራ አለብኝ ብላ፣ ራሴን አመመኝ ብላ፣ ጥጡን ዝናብ መታብኝ ብላ ከዚህ ምላስ አምልጣ ትሮጥ ነበር።

የጎጆዋ አጥር ከሩቅ ታያት። እርምጃዋን ቀስ አደረገች።

«እሜቴ» አለች፣ «ሁለተኛው ጉድለቴ ምን ነበር ያሉኝ? ደኅና አድርገው ይንገሩኝ።»